አንድ ቴሌቪዥን፣ ሦስት የጌም ማሽን፣ አንድ ጥፋተኛ

ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አቶ ጥዑመልሳን በዛብህ
የባሮ ዳር ሠራተኞች መዝናኛ ክበብ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ይህ ሙቀት እኛን ሲያቀልጠን እርስዎን እንዳልደፈረዎት አምናለሁ፤ የክበቡ ብቸኛ ቬንትሌተር ወደ ቢሮዎ ከገባ ወዲህ ስለ ጤናዎ የምንሰጋው ቀንሷል። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ቀና ብዬ መሄድ ብቻ ነው ያቃተኝ።

ከእንግዶችዎ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ አጅዋንግ ኦሉም ነኝ። ይህን ደብዳቤ በክበቡ በር ላይ የለጠፍኩት ውለታዎን ብቻዬን ተሸክሜ መዝለቅ ስላቃተኝ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አስተሳሰብዎ ስፋት አመሰግናለሁ። የክበባችን ቴሌቪዥን አንድ ነው፤ ከጀርባው ያለው የአንቴና ቀዳዳም አንድ ነው። የክበቡ አሮጌ የጌም ማሽን አታሪ፣ ለመምህር ኩን ከካርቱም ዘመዶቹ የላኩለት ሴጋ፣ ወንድሜ ኦሞድ ናይሮቢ ሲማር ገዝቶ የላከልኝ ባለ ካሴቱ ማሽን በዚያች ቀዳዳ ሲጣሉ ከርመው፣ በመጨረሻ መምህር ኩንና እኔ ከአዲስ አበባ ባስመጣናት ትንሽ መቀያየሪያ ሳጥን ታረቁ። ቁልፏ ስትዞር አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል። ከሥራ በኋላ ሾፌሩም፣ ጸሐፊዋም፣ አስተማሪውም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ማን የማን ወገን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

እርስዎ ግን ከየወረዳው እንግዶች በመጡበት ቀን፣ «ክልላችን፣ ክልል አሥራ ሁለት፣ የአንድነት ክልል ነው፤ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ይታዩ» ብለው አዘዙ። ቴሌቪዥኑ አንዱን እንጂ ሦስቱን ባንድ ላይ እንደማያሳይ በትሕትና ባስረዳዎት፣ «ይህ ያለፈው ሥርዓት አስተሳሰብ ነው» አሉኝ። ሳጥኗን በገዛ እጅዎ ነቅለው፣ የሦስቱን ሽቦ ልጠው እንደ ሹሩባ ጎነጎኑት። በክበቡ አሮጌ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይም የሻይ ማፍያውንና የድምፅ ማጉያውን ደረቡበት። በእርግጥ ለጥቂት ጊዜ የአታሪው መኪና፣ የሴጋው አውሮፕላንና የእኔ ማሽን ዘላይ ሰውዬ እንደ ጥላ ተደራርበው ታዩ፤ እንግዶቹም አጨበጨቡ። ከዚያ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ቴሌቪዥኑም ጨለመ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራዎ ፍጥነት። ሽታው ከአዳራሹ ሳይወጣ ጣትዎን ወደ እኔ ቀስረው፣ «ይህቺ ልጅ ናት ከውጭ ባመጣችው ዕቃ ያቃጠለችው፤ ኤሌክትሪክ የማያውቅ ሰው ሲነካው እንዲህ ነው» አሉ። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ፣ ልሳንዎ ከወትሮው ይልቅ ጥዑም ነበር። የአዳራሹ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እናቴ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ኦሞድ የላከውን ማሽን ትየው ብዬ ጠርቻት፣ የእሁድ ቀሚሷን ለብሳ ነው የመጣችው። አማርኛ እምብዛም አትሰማም። አንድ ትልቅ ሰው ወደ ልጇ ሲያመለክት፣ እንግዳው ሁሉ ልጇን ሲመለከት ባየች ጊዜ ያመሰገኑኝ መስሏት ብቻዋን አጨበጨበች። እኔ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ምን አሉሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አመሰገኑኝ» አልኳት።

ሦስተኛ፣ በክበቡ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በትልቁ ስላስጻፉልኝ፦ «ቴሌቪዥን ያቃጠለች፦ ነርስ አጅዋንግ ኦሉም። ማሽኗ በመያዣነት ተይዟል።» ከዚያን ቀን ጀምሮ የማያውቀኝ የለም። መርፌ ልወጋው ያዘጋጀሁት በሽተኛ ሳይቀር፣ «ሲስተር፣ ይሄ ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው እንዴ?» አለኝ። በሽተኞቹ ሲስቁ አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያም መድኃኒት ክፍል ገብቼ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። እናቴም በእሁዱ አምልኮ ማብቂያ ላይ ከሴቶቹ ሰማች። ቤት ስትመለስ አልተቆጣችኝም። «ታዲያ እኔ ለምን አጨበጨብኩ?» ብቻ አለችኝ። እነሆ እስካሁን ዓይኗን አላየሁም።

መምህር ኩን ግን ጠመኔ አንስቶ ከስሜ ሥር የራሱን ስም ጻፈ፤ ሽቦውን እርስዎ ሲጎነጉኑ ይዞ የቆመው እሱ ነበርና። እርስዎም «አንድ ጥፋተኛ ይበቃል» ብለው አጠፉት። መልሶ ጻፈ፤ መልሰው አጠፉ። የእሱን ስም ለማጥፋት ዳስተር አስፈለገዎት፤ የእኔን ግን ሳይነኩት አጠፉት።

ሬዲዮ ጠጋኙ ጎኝ በአባላቱ ፊት ቴሌቪዥኑን ፈትቶ የተቃጠለው ፊውዙ ብቻ መሆኑን እንዳሳየን ያስታውሳሉ። ለወጠለት፤ በራ። ቴሌቪዥኑም ከነማሽኖቹ ለጥንቃቄ ሲባል ወደ ቢሮዎ ገባ። ሰሌዳው ግን እስካሁን እንደ ቆመ ነው፤ ፊውዝ እንደ ሰው ስም ለመተካት አያስቸግርም።

ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሽኑን አልጠየቅሁም፤ ሰሌዳውም ይቆይ። አንድ ቀን በእግርዎ እስከ ቤታችን መጥተው፣ ያን ቀን ስለ እኔ የተናገሩትን አንድም ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ለእናቴ ይድገሙላት። አስተርጓሚው እኔ እሆናለሁ።

ባልሠራሁት ሥራ ስም ያተረፍኩ፣ በቸርነትዎ አንገቴን የደፋሁ፣ እርስዎን ባገኘሁ ቁጥር ግን መንገድ የምለቅልዎ፣

አጅዋንግ ኦሉም

ማሳሰቢያ፦ ከምሳ በኋላ በመስኮትዎ ሥር የሚያልፉ ሰዎች የወንድሜን ማሽን ዜማ እንደሚሰሙ ነግረውኛል፤ ዘላዩ ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ የሚሰማውን ዜማ ነው አሉ፣ ያውም ደጋግሞ። ጉድጓዱን ለማለፍ ከመዝለልዎ በፊት ትንሽ መንደርደር ያስፈልጋል። እስኪለምዱት ድረስ አይፈሩ፤ ቢሮዎ ውስጥ ማንም አያይዎትም።