የጋሽ ሰይድ አውሮፕላን ተንበረከከ

ማክሰኞ፣ ጥር 14። ጠዋት።

ዛሬ አውሮፕላን አበረርኩ። እሺ ደብተሬ፣ አታፍጥብኝ፤ አላበረርኩም። ክንፉን ደግፌ ቆምኩ። ቢሆንም ከሐይቅ ከተማ ጎሚስታ ሁሉ የመጀመሪያው ነኝ።

ጋሽ ሰይድ ጎረቤቴ ናቸው፣ በያጅ። ግቢያቸው ውስጥ ከብረት ቱቦና ከሸራ አውሮፕላን ሠሩ። ብቻቸውን! አጃኢብ። እግሮቹ ይታጠፋሉ፤ በእጅ ፓምፕ ዘይት ሲገፋባቸው ይዘረጋሉ። ፓምፑ ከአሮጌ ክሪክ የተሠራ ነው። ግን ያፈሳል። ትንሽ ቆይቶ አውሮፕላኑ እንደ ግመል ይንበረከካል።

የሚስታቸው ወንድም ይማም መጣ። ሞተሩን ያመጣላቸው እሱ ነው። አውሮፕላኑ እስከ እሑድ በእግሩ ካልቆመ ሞተሩን ነቅዬ ለወፍጮዬ አደርገዋለሁ አለ። ጋሽ ሰይድ እሺ አሉ። ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

ሐሙስ። ከሥራ መልስ።

ሰዉ ሁሉ የሚያፈሰው የዘይት ቧንቧው መጋጠሚያ ነው ይላል። እኔም አልኩ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ። ጋሽ ሰይድ አይከራከሩም። ፓምፑን በጨርቅ አደረቁና «ይመር፣ ከማታ ት/ት የያዝከው ጠመኔ አለ?» አሉኝ። ከኪሴ አይጠፋም። ፈጭተው ፓምፑን በሙሉ ቀቡት። ግፋ አሉኝ፤ ገፋሁ። መጋጠሚያው ደረቅ። ዘንጉ የሚወጣበት አፍ ረጠበ። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!

ከዚያ ደስታዬ ጠፋ። የዚያን አፍ ማሸጊያ ከመኪና የውስጥ ጎማ ቆርጬ የሰጠሁት እኔ ነኛ። ዕድሜ ልክ ያገለግላል ብዬ ፎክሬ። ሲፈቱት እንደተነከረ ባቄላ አብጧል። ዘይት ነው ያሳበጠው አሉ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «አብሽር፣ ጎማህ ለአየር እንጂ ለዘይት አልተፈጠረም» ብለው ሳቁ።

ቅዳሜ።

ትናንት ጋሽ ሰይድ ቀበቷቸውን ፈትተው ከቆዳው ክብ ማሸጊያ ቆረጡ። ዘይት ውስጥ አደረ። ዛሬ ሱሪያቸውን በሲባጎ አስረው ይገጥማሉ። አልሳቅሁም። ትንሽ ሳቅሁ።

እሑድ። ከሰዓት።

ይማም መፍቻውን ይዞ ቆሟል። ገፋሁ። እግሮቹ ተዘረጉ። ጠበቅን። ይማም ዞረው፣ ነቀነቀው፣ በእርግጫ አለው። ንቅንቅ የለም! ጠመኔውም ደረቅ። «እንግዲህ ዱቄቱን ከሰማይ ያወርዱልኛላ!» ብሎ መፍቻውን ኪሱ ከተተ። ጋሽ ሰይድ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይመር፣ አንተ መሐንዲስ ነህ አሉኝ።

ደብተሬ፣ ይህችን የመጨረሻዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት። እንዲህ አላሉም። አውሮፕላኑ ውስጥ ፓምፑ አጠገብ ያለችውን ሁለተኛዋን ወንበር በእጃቸው ጠረጉና ዞር አሉልኝ።

ገብቼ ተቀመጥኩ።