ከአሥር አራት

ውድ ሀዲስ፣

እንደምን ሰነበትህ? ይህን የምጽፍልህ እኔው ራሴ ክንዱ ነኝ፤ ማንም እጄን አልያዘልኝም። ሐይቁ ዳር ዓሣ ስፍቅ የምታውቀኝ ሰውዬ የማታ ትምህርቴን ከሠላሳ ሁለት ሰው አንደኛ ወጥቼ ጨረስሁ። መምህርት የብርጓል እንኳ ወሬህን ብትቀንስ ሊቅ ትሆን ነበር ብላኛለች። በሌላ ሰው ማስጻፍ አፈርሁ። ስልክ ደውዬ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ ድምፅህን ስሰማ ቀልድ ጀመርሁ።

ነገሩ የዚያ አሜሪካዊ ነው። ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚያስተምረው መርስዔ ኀዘን አንተ ኳስ ስትመታ በስልኩ ቀርጾ ልኮለት የመጣው ሰውዬ። በእነሱ ጨዋታ እንቁላል የመሰለችውን ኳስ በሁለት ቋሚ መካከል ከመስደድ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ተጫዋች አለ፤ ለቡድኑ የዚያን ተጫዋች ተጠባባቂ ይፈልግ ነበር። መርስዔ ኀዘን ባመጣልን እንዲያ ባለች ኳስ ሁለት ዓመት ሙሉ በሁለት አጣና መካከል ስትለማመድ ኳሷን መሬት ላይ አቁሜ የያዝሁልህ እኔ ነኝ። እንደኔ የሚይዝ አሜሪካም የለም።

ሰውዬው ሊፈትንህ የመጣ ቀን ከሐይቁ ነፋስ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ሳትህ። ሰውዬው ግን አልተከፋም። አስተርጓሚዋ ሊድያ እንደነገረችኝ፣ የአንድ ቀን ነፋስ አያስጨንቀውም፤ ተጠባባቂ ማለት ወር ሙሉ ተቀምጦ ድንገት ሲጠሩት የማይስት ነው፤ ስለዚህ ዘወትር አብሮህ ከሚውል ሰው መስማት ይፈልጋል። አንተ ውኃ ልትጠጣ ሄደህ ነበር።

«በሌላው ቀን ከአሥር ስንቱን ያገባል?» አለችኝ።

ዘጠኙን ነበር፣ ሀዲስ። አንዳንድ ቀን አሥሩንም። ግን ሰው ከቦናል፤ የማላውቀው ሁሉ አፌን ያያል። አባቴ ላሞችህ ስንት ናቸው ላለው ሰው እውነተኛውን ቁጥር ተናግሮ አያውቅም፤ ዐይን ይበላቸዋል ይል ነበር። ስለ ራሴ ስለፈልፍ የምውለው ሰውዬ፣ ያንተ ሲሆን ፈራሁ።

«አራት ቢያገባ ነው። እንደ ነገሩ ነው» አልሁ።

ሊድያ ትክ ብላ አየችኝና ደግማ ጠየቀችኝ። አሁንም አራት አልሁ። ሰውዬው ጻፈው፤ እጄንም ጨብጦ አመሰገነኝ።

አንተ ያስቀሩህ ሦስቱ የሳትሃቸው መስለውህ ኳስ እርግፍ አድርገህ ተውህ። ይፋግ ገብተህ ሩዝ ማጨድ ከጀመርህ ይኸው ሦስት ዓመት። እናትህ እትዬ ወለተ ኪዳን ባገኙኝ ቁጥር ልጄን እግሩ ከዳው ይሉኛል። አዎ እትዬ እላለሁ።

ባለፈው ወር ሊድያን ፈልጌ አገኘኋትና እውነቱን ለሰውዬው ጻፈችለት። መልሱን እሷው አነበበችልኝ። ቦታው ያኔውኑ ተይዟል፤ አሁን ደግሞ ዕድሜህ አልፏል። እዚህ ላይ ቀልድ ልጨምር አሰብሁ፤ አልመጣልኝም።

እግርህ አልከዳህም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዓባይ ማዶ ሄጄ ለእናትህም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። በራቸውን ቢዘጉብኝ ልክ ናቸው። አንተም መልስ ባትጽፍልኝ አልቀየምህም።

ያስቀረህ ጓደኛህ፣
ክንዱ