እህቴን ከአልጋ ያስነሳት ሬዲዮ

አናጢው ወዳጄ፣ እንዴት ነህ? "እህትህን የምትጠይቀው ሬዲዮ ተሸክመህ ነው?" ብለህ ስቀህብኝ ነበር አይደል? ስማ እንግዲህ!

እህቴ ዳሌዋ ከተጠገነ ወዲህ ሐኪሙም ልጇም ቢለምኗት ከአልጋ አልወርድም ብላ ነበር። ሬዲዮኔን መስኮቱ ሥር አስቀምጬ ዘፈን ለቀቅኩባት። "ዝጋልኝ፣ አንተ ደንቆሮ!" አለችኝ። "ተነስተሽ ዝጊዋ!" አልኳት። ምርኩዟን ይዛ፣ እየተሳደበች ሬዲዮው ጋ ደረሰች። ግን አልዘጋችውም፤ እዚያው ቆማ ዘፈኑን አስጨረሰችው። ዛሬ ማጀት ገብታ በዜማው ትከሻዋን እየነቀነቀች ሳህን ታጥባለች።

እንደ መቃብር ጭጭ ያለው የሥራ ቤትህ ትዝ አለኝ። ስመለስ መጋዝህ አጠገብ ሬዲዮ እሰቅልልሃለሁ፤ እምቢ ማለት የለም።

ይህን የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ፖስትካርዱ ሞላ አለችኝ። ለሚስትህም ለልጆችህም ሰላም በል። እህቴም ከማጀት "ሰላም በልልኝ፤ አንተ ደግሞ ሬዲዮውን ከፍ አድርገው!" ትላለች።