የኋለኛው ወንበር

ቦናመስ፣ ፍራንክፈርት

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደሴስ ብርዱ ለቀቀ ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደም ግፊቴም ከሐኪሙ ጋር ታርቋል። ልጃችን አርሴማም ደኅና ናት፤ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በጀርመንኛ ትመልስልኛለች፣ እንዲሁ እንኖራለን።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎት ጀምሬ፣ አፍሬ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩ።

ያቺን ሁለት ሰው የሚነዳትን ብስክሌታችንን ያስታውሷታል፤ ፎቶዋን ልከንልዎት «ብስክሌት ናት ወይስ አግዳሚ ወንበር?» ብለው የሳቁባትን። እህትዎ የወርቅውሃ ብቻዋን መንዳት ስለማይሆንላት ነበር የገዛናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዙን ይዘን፣ ከዚያ ወደ ታውኑስ ተራራ፣ ጫካ ለጫካ። እኔ ፊት፣ እሷ ኋላ። ዳገት ላይ እግሯን አሳርፋ ወሬዋን ትቀጥላለች። «የወርቄ፣ እየረገጥሽ ነው?» ስላት «በጸሎት እያገዝኩህ ነው» ትለኝ ነበር። ከዳገቱ ወገብ ላይ፣ ዘሩ ከካሊፎርኒያ መጥቶ የተተከለ አንድ ግዙፍ ቀይ ዛፍ አለ፤ ቅርፊቱ እንደ ጋቢ ይለሰልሳል። እጇን ሳታስነካው አታልፍም። ዛሬም እርጥብ ጫካ ሲሸተኝ ከኋላዬ የምታወራ ይመስለኛል።

ካረፈች ወዲህ ብስክሌቷ ምድር ቤት፣ ኬለር ውስጥ ተቀመጠች።

ውባለምን ያውቋታል፤ እህትዎን ያስታመመች፣ እርስዎም በስልክ የመረቋት ናት። ጴንጤ ናት። ከሙት ዓመቱ በኋላም፣ ከምትሠራበት አዛውንት ቤት ሺሽቷን፣ ፈረቃዋን፣ ስትጨርስ ብቅ እያለች ትጠይቀናለች። በዚህ ሁዳዴ ብስክሌቷን አየችና «ጋሼ፣ ዝገት ሊበላት እኮ ነው፤ እናውጣት» አለችኝ። ዓርብ ዕረፍቷ ነበር። አወጣናት።

የእኔ ጅልነት ደግሞ፣ በባዶ ሆዴ ዳገት ጀመርኩ። የወርቅውሃ ብትኖር በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ንቅንቅ አታደርገኝም ነበር። እዛፉ ዘንድ ስንደርስ ዓይኔ ጨለመና ሥሩ ተዘረጋሁ። ውባለም ዳቦና ሙዝ ይዛለች። ይብሉ፣ እግዜር ይረዳዎታል አለችኝ። ዘጠኝ ይሙላ አልኩ። «ታዲያ ማንን ተሸክሜ ልውረድ፣ እርስዎን ወይስ ብስክሌቷን?» ብስክሌቷን፣ እኔ ተንከባልዬ እወርዳለሁ አልኳት። ጭቃ የለበሱ የተራራ ብስክሌት ነጂዎች ቆመው ምን ሆናችሁ ቢሉን «ሾፌሬ እያስቀደሰ ነው» ብላ በጀርመንኛ መለሰችላቸው። አንቺ ግን ብዪ፣ ጾሙ ያንቺ አይደለም አልኳት። ቦርሳዋን ዘጋችና ከጎኔ ተቀመጠች። ሰዓቱ ሲደርስ አብረን ቆረስን።

ስንነሳ ነው ያየሁት፤ የእግሯ ጣት ብቻ ነው ፔዳሉን የሚነካው። ከእህትዎ ታጥራለች። ያን ሁሉ ዳገት እንዲያ ሆና ረግጣለች። መፍቻ ይዣለሁ፣ ወንበሩን ዝቅ ላድርግልሽ ብላት «ይተዉት ጋሼ፣ የእሷ ልክ ነው» አለችኝ።

እትዬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ውባለም ሐሳቤ ውስጥ እየገባች ጸሎቴ መሐል ላይ ይጠፋብኛል፤ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርኩም፤ እርስዎ ሳይሰሙ አይሆንም ብዬ። አርሴማ ሳትጠረጥር አልቀረችም፤ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «አክስቴን ጠይቃት» አለችኝ።

ለፋሲካ ማግስት እንደገና እንውጣ ብላኛለች። ወንበሩ ሳይስተካከል ላስኬዳት አልችልም፤ ያለ እርስዎ ፈቃድ ደግሞ እጄ አይነካውም። ዝቅ አድርገው ካሉኝ አደርጋለሁ። ተወው ካሉኝ ብስክሌቷን ወደ ኬለር እመልሳታለሁ፤ ቅር አይለኝም ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

ትንሣኤውን በደስታ ያሳይዎት። ጉልበትዎን ያጽናልዎት፣ ደጅዎን ጠያቂ አያሳጣው። መልስዎ ምንም ይሁን፣ ይህችን ስም ብቻ አይንሱኝ፦

አማችዎ