ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ

አባዬ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ቤቱ እንደነበረ አይደለም። እማዬ መደቡን አስፈርሳ አልጋ አስገብታለች፤ እህቴ ከጅዳ የላከችው ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ያወራል። መጻሕፍትህን እኔ ወስጃለሁ። ብስክሌትህ ግን ብዙ ተንከራቷል።

ጡረታ ወጥተህ ያመጣኸውን ጣጣ የመካነ ሰላም ከተማ ሰው እስካሁን ያወራዋል። ሐይቅ ከተማ ላይ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ሳይቋረጥ የሚካሄድበት ረጅም ውድድር ቅዳሜም እሑድም እንዳለ ሰማህና ሁለቱንም ቀን እጨርሳለሁ አልክ። ዕድሜህን ሙሉ የስፖርት መምህር ነበርክ፤ ማን ያስቁምህ። የሻይ ቤት ጓደኞችህ ለአኼራ ተዘጋጅ ስንልህ ለሐይቅ ትዘጋጃለህ እያሉ ቀለዱብህ። መንገዱ አንድ ነው፣ በብስክሌት ልሂድበት ብዬ ነው ብለህ መለስክላቸው። ወደ ከላላ በሚወስደው ጠጠር መንገድ እኔን ከኋላ ጭነህ በብስክሌት ትወጣለህ፤ ስንመለስ አንተ ትሮጣለህ፣ ብስክሌቱን እኔ እነዳለሁ።

ችግሩ ዋናው ነበር። ከከተማው በታች ያለው የወንዝ ኩሬ ጠባብ ነው፤ ገና እጅህን ስትወረውር ማዶ ትደርሳለህ። ስለዚህ የበቅሎ ገመድ ወገብህ ላይ አስረህ ጫፉን ዳር ላይ ካለው የሾላ ዛፍ ጋር አሰርከው፤ መሃሉን እኔ ያዝኩ። ባለህበት እየዋኘህ ሐይቅን ታቋርጥ ጀመር። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች የታሰረ በቅሎ እንኳ ሣር ያገኛል እያሉ ሳቁ። ያዘዝከኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሲደክመኝ አትሳቢኝ፤ ሳቆም ነው የምትስቢኝ።» አንድም ቀን አልሳብኩህም።

የሞትከው ውኃ ውስጥ አይደለም። ልምምድ ባልነበረበት ቀን፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ መስገጃህ ላይ ነው። ሐኪሙ ሳይታወቅ የቆየ የልብ ሕመም ነው አለን። አጎቴ ግን በሶደቃህ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ገመዱን የያዘችው እሷ ናት» አለ። ይኸው በቃ። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ የሚደርሱት ሴቶች እማዬን ብቻ አብሽሪ እያሉ፣ እኔን ሳያዩ ይወጡ ጀመር። ተምራ ተምራ አባቷን ገደለች መባሌን በኋላ ሰማሁ። ብስክሌትህን አጎቴ መጋዘኑ ውስጥ ቆለፈበት፤ ሌላ ሰው እንዳይጨርስ ነው አለ።

አልለመንኩትም። በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ በድንጋይ ሰብሬ ብስክሌቱን አወጣሁት። ሰው ሁሉ እንዲያየኝ በገበያው መሃል እየነዳሁ አለፍኩ። ከዚያ ወደ ሾላው ወረድኩና ገመዱን ወገቤ ላይ አሰርኩት። የሚይዝልኝ ሰው አልፈለግሁም።

ዘንድሮ ሐይቅ ሄድኩ። አባዬ፣ አንድ ነገር ረስተን ነበር። ታስሮ የሚዋኝ ሰው የሚሄድበትን ማየት አያስፈልገውም፤ የትም አይሄድም። ቅዳሜ ዕለት አንገቴን ደፍቼ ስዋኝ፣ ሌሎቹ ወደ ግራ ሲታጠፉ እኔ ብቻዬን ወደ ሐይቁ መሃል ገሰገስኩ። ጀልባ ላይ የነበረው ሰውዬ እህቴ፣ ወዴት ነው ጉዞው ብሎ እስኪጠራኝ ድረስ ቀዳሚ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። መጨረሻ ወጣሁ። እሑድ እግሬ እንቢ እያለኝ ተነሣሁ። ማዶ አንድ ዛፍ መረጥኩ፤ ሾላ ይሁን ሌላ አላውቅም። ቀና እያልኩ እሱን እያየሁ ዋኘሁ። ሁለቱንም ቀን ጨረስኩልህ።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ለዘንድሮው ሶደቃህ የሚታረደውን በግ የሚያስርበት አጥቶ፣ ሾላው ላይ ያለውን ገመድ አምጪ ብሎ ላከብኝ። ሌላ ገመድ ሰጠሁት።

ያንተ እዚያው ነው፤ እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይፈታውም። አጎቴ ልክ ነው፤ ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም አልለቀቅኩም። አንተም በዚያኛው ጫፍ ያዝልኝ። ሲደክመኝ አይደለም፣ አባዬ፤ ሳቆም ሳበኝ።