ድምፃቸውን በባትሪ ቤት ያስቀሩት የእህታችን የሕይወት ታሪክ

ውድ እህታችን ከቧንቧ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ድምፃቸው ጥርት ያለ ስለነበር ሲጣሩ ከአምስት ቤት ማዶ ይሰማ ነበር። እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረው በ1973 ዓ.ም. በመኪና ባትሪ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ በ1977 ዓ.ም. ከፋብሪካው መካኒክ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ሥራቸው በመሙያ ክፍል ነበር፤ ባትሪዎቹ ሲሞሉ የሚወጣው የአሲድ ጉም የሥራ ልብሳቸውን ወንፊት ያደርገው ነበር። ጨርቅ የበሳ ጉም ለጉሮሮ ይራራልን? የአየር መሳቢያው ተበላሽቶ ስድስት ዓመት ሲቆም ጠያቂ አልነበረም። በዚያ ክፍል የድምፅ መሻከር እንደ ማዕረግ ይቆጠራል፤ ድምፁ ያልጎረነነ «ገና ጥሬ ነው» ይባላል። እህታችን በጎረነኑ ጊዜ ባልደረቦቻቸው «ሻለቃ» ብለው አጨበጨቡላቸው። ይህን የሚጽፈው ታላቅ ወንድማቸውም አብሮ ስቋል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው።

በ2012 ዓ.ም. መዋጥ ሲያቅታቸው ወደ ሐኪም ሄዱ። የጉሮሮ ካንሰር በብዛት የሚይዘው ከአምሳ ዓመት በላይ የሆኑ፣ የሚያጨሱና መጠጥ የሚያዘወትሩ ወንዶችን ነው፤ አንዲት ሴት ሲይዝ አራትና አምስት ወንድ ይይዛል። ሐኪሙ ይህን ስለሚያውቁ ጉሮሯቸውን ሳያዩ በጨው ውሃ እንዲጉመጠመጡ አዝዘው ሰደዷቸው። ጥቂት ማለት የለም ማለት ነውን? ከስምንት ወር በኋላ ሌላ ሐኪም ሲመረምሯቸው በሽታው ሥር ሰዶ ነበር፤ የአሲድ ጉምም ከታወቁት መንስኤዎች አንዱ እንደሆነ የነገሯቸው እኚህ ናቸው። ጎረቤት ግን «ተደብቃ ታጨስ ኖሯል» አለ። እሳቸው ውሃ መዋጥ ሲያቅታቸው ሐሜተኛ የሰው ሥጋ ሳያላምጥ ይውጥ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ማንቁርታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ እንደ ካህኑ ዘካርያስም በሰሌዳ የሚጽፉ ሆኑ። የዘካርያስ አንደበት በጊዜው ተፈታ፤ የእሳቸው ሳይፈታ ግንቦት 21 ቀን 2014 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻ የጻፉት ይህ ነው፦ «በቀብሬ ቀን አላጨሰችም ብላችሁ አንብቡ። የመሙያ ክፍል ልጆች ይመርመሩ፤ ሻለቃነቱ በእኔ ይብቃ።»

አላጨሱም።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። የዲዳን አንደበት የሚፈታ አምላክ ነፍሳቸውን ከቅዱሳኑ ማኅበር ደምሮ የልጅነት ድምፃቸውን ይመልስላቸው። አሁን አሜን ስትሉ ድምፃችሁ ይሰማል፤ ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከራችሁ፣ ነገ ጠዋት ሄዳችሁ ተመርመሩ።