በአዴ ሀሊሜ ገብስ ላይ ያላረፈው አውሮፕላን

አሰላ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጉቱ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ በአንተ ከመናደዴ በቀር ደህና ነኝ። እናታችንም ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ደብዳቤህ የደረሰኝ ሐሙስ ዕለት ነው። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ደወል ተደውሎ ተማሪዎቼ ክፍል ገብተው ሲንጫጩ እንኳ አልሰማሁም። «እናቴ በሰው ፊት አዋርዳኛለች፤ ከእንግዲህ አሰላን አልረግጥም፤ ወንድ ልጅ አልወለድኩም ብላ ትቁጠር» ትላለህ። ምነው ጉቱ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ምን አፍ አውጥቶ ይናገረዋል? እጅህስ እንዴት እሺ ብሎ ጻፈው?

አንተ ያየኸው ከላይ ነው። እኔ ደግሞ ታች ነበርኩ፣ ያውም ድምፅ ማጉያ ይዤ። ስለዚህ ረጋ ብለህ አንብበኝ። ታላቅህ ነኝ፤ ሳልጨርስ አትቆጣ። ከጨረስኩ በኋላ እንደፈለግህ።

ዓመት በዓመት ኅዳር ላይ ከከተማው በታች ባለው ሜዳ ለትርኢት የሚሰበሰቡትን አውሮፕላኖች መቼም አትረሳቸውም፤ ልብህን የወሰዱት እነሱ ናቸው። የአንበጣ መድኃኒት የሚረጨው ቢጫ፣ የሚሲዮኖቹ ትንሿ ነጭ፣ ያቺ ክንፏ ድርብ የሆነች፣ ስታርፍ እንደ አሮጊት የምታነክሰው። ዘንድሮ ግን ከመስቀል ጀምሮ ሌላ ወሬ ተነዛ። ሁለት ሞተር ያለው፣ ባለ አሥራ ሁለት ወንበር፣ ከፋብሪካ ከወጣ ዓመት ያልሞላው አዲስ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። ሕዝቡ ቀርቦ ያየዋል፣ ዕጣ የወጣለትም ተሳፍሮ ጭላሎን ይዞራል ተባለ። አንተ ደግሞ «መካኒኩ እኔ ነኝ፣ አብሬው እመጣለሁ» ብለህ ጻፍክ።

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ እናታችንን ማን ይቻላት። ለመጨረሻ ጊዜ መጥተህ ከሄድክ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይንህን አላየችም። ጨው ልትገዛ ገበያ ወጥታ «ልጄ በሰማይ ይመጣል» ስትል ውላ ጨውን ረስታ ትመለሳለች። ከሙህዲን ሱቅ አረንጓዴ ጨርቅ አስቆርጣ ቀሚስ አሰፋች። የሙህዲን ሚስት «ምነው ራቢያ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትቀበይው?» ብትላት «ሙሽራማ በፈረስ ነው የሚመጣው» አለቻት። እኔ አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

እሑድ ደረሰ። የትርኢቱ ኮሚቴ ጸሐፊ አቶ ፍሰሐ ከአስተማሪዎቹ መካከል እኔን መርጠው፣ እሳቸው በአማርኛ የሚሉትን በኦሮምኛ እንድደግም ድምፅ ማጉያው አጠገብ አቆሙኝ። ሕዝቡ ከሳጉሬ፣ ከጎበሳ ሳይቀር መጥቷል። ትንሿ ነጭ አውሮፕላን የዱቄት ከረጢት ከሰማይ እየጣለች ክብ ውስጥ ለማስገባት ስትሞክር አንዱን የእንግዶቹ ዳስ ላይ ጣለችው፤ የተከበሩት ሰዎች ሁሉ ወፍጮ ቤት የዋሉ መሰሉ። ቢጫው ለመነሳት ሲንደረደር ደግሞ ጎረቤታችን ነገሳ በፈረሱ እሽቅድድም ገጠመው። «ስቀድመው ጊዜ ነው ሽቅብ የሸሸው» እያለ እስከ ዛሬ ያወራል። ምን አለፋህ፣ ደስ የሚል ቀን ነበር።

እናታችን «የመካኒኩ እናት» ተብላ ዳሱ ውስጥ ከፊት ተቀምጣለች። ሲንቄዋን ይዛለች፤ አያታችን በሠርጓ ቀን የሰጠቻትን፣ ቅቤ እየጠጣ የጠቆረውን በትር። «ከደረጃው ሲወርድ በሲንቄዬ እመርቀዋለሁ» ብላ ነው ያመጣችው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። አዲሱ አውሮፕላን በድሮው ሜዳ ላይ ማረፍ አይችልም፤ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ሜዳው በምን እንደረዘመ ግን የነገረህ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከሜዳው ጋር በሚዋሰነው በአዴ ሀሊሜ እርሻ ነው የረዘመው። አዴ ሀሊሜ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያችን ቁራሽ መሬት፣ የምርቱን እኩሌታ ለባለመሬቱ እየሰጡ፣ በማረስ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ልጃቸው ወልዳ፣ አራስ ልጠይቅ ብለው ሳጉሬ በሄዱበት፣ ኮሚቴውና ባለመሬቱ ተስማምተው ገና ያልደረቀውን ገብስ አሳጨዱት፤ ዳርና ዳሩንም ኖራ አስነሰነሱበት። ለእሳቸው ግን አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም። እሑድ ረፋድ ላይ ከጭነት መኪና ወርደው ሲያዩ ገብስ የለም። ቤታቸው ገብተው ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ፤ ከዚያም የታጨደው ላይ ቆመው ጮኹ።

ያን ጩኸት ታውቀዋለህ። አንዲት ሴት ተበድላ ሲንቄዋን ይዛ ከጮኸች፣ ያገባች ሴት ሁሉ እሳት ላይ የጣደችውንም ቢሆን ትታ ትወጣለች። በዳዩ መጥቶ እስኪታረቅ ድረስ ሴቶቹ የቆሙበትን ማንም አያልፍም። ይህን የምጽፍልህ አታውቅም ብዬ አይደለም፤ አውሮፕላን ቤት ከገባህ ወዲህ ረስተኸው ይሆናል ብዬ ነው።

እናታችን ተነሳች።

«ወዴት ነው እትዬ ራቢያ? አውሮፕላኑ እኮ ሊደርስ ነው» አሏት አቶ ፍሰሐ።

«ተጠርቻለሁ» አለቻቸውና ሄደች።

ከየጥጉ ሴቶች መጡ። ዳቦ ሻጮቹ ቅርጫታቸውን እዚያው አስቀምጠው መጡ። የሙህዲን ሚስት ሲንቄዋ ቤት ስለነበር ሮጣ አምጥታ ተመለሰች። በታጨደው ገብስ ላይ፣ ከኖራ እስከ ኖራ፣ ጎን ለጎን ቆሙ። ነገሳ ከፈረሱ ወርዶ ልጓሙን እየጎተተ ዳር ያዘ፤ ወንዶቹም አፈገፈጉ። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች ግን የትርኢቱ አንድ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ።

የአውሮፕላናችሁ ድምፅ የተሰማው ያን ጊዜ ነው።

«በያቸው! ውጡ በያቸው!» አሉኝ አቶ ፍሰሐ፤ ላብ አጥምቋቸዋል።

«እናቶች፣ አቶ ፍሰሐ ውጡ ይላሉ» አልኩ በኦሮምኛ።

ማንም ንቅንቅ አላለም።

«ትሞታላችሁ በያቸው!»

«ትሞታላችሁ ይላሉ።»

«ዙሀራ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ ደንቆሮዎች አይደለንም» አለች የገዛ እናቴ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት።

ድምፅ ማጉያውን ለአቶ ፍሰሐ ሰጥቼ ሮጥኩ። መሀላቸው መግባት አልችልም፤ ያላገባ ሰው ሲንቄ የለውም። አዎ፣ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ እሱን ሌላ ጊዜ። ዳር ቆሜ «አዮ፣ ጉቱ እኮ ነው የመጣው! አይተው ባይቆሙስ? ቢወርዱባችሁስ?» አልኳት እናታችንን።

ዞር ብላ አየችኝ። «ጉቱ አለበት አይደል?» አለች። «ሲንቄ ምን እንደሆነ ልጄ ያውቃል። ይነግራቸዋል።»

ዝቅ ብላችሁ መጣችሁ። ነፋሱ የሁሉንም ሻሽ ገለባበጠው፤ አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። እናታችን ግን ቀና ብላ መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሴት መሀል አውሮፕላኑ እንዲያርፍ አብዝታ የምትመኘው እሷ ነበረች። ለመራመድ የሚከለክላት ሰው አልነበረም፤ ዘወር ብትል ሌሎቹም ዘወር ይሉላት እንደሆነ ማን ያውቃል። አልተንቀሳቀሰችም። እኔ እንባዬ መጣ፤ ለማን እንደማለቅስ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ለእሷ ይሁን ለአንተ።

ሽቅብ ተነሳችሁ፣ ዞራችሁ መጣችሁ፣ እንደገና ተነሳችሁ። በመጨረሻ ወደ ዝዋይ ሐይቅ አቅጣጫ አዘነበላችሁና ሄዳችሁ። እናታችን ነጥብ እስክትሆኑ ድረስ አየቻችሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ነገራቸው» አለች። እንዴት ኮርታ እንደተናገረችው ብታያት ኖሮ ያንን ደብዳቤ አትጽፍም ነበር።

አንተ ደግሞ እንዲህ ትላለህ፦ «ካፒቴኑ እነዚህ ሴቶች ምንድን ናቸው ብሎ ሲጠይቀኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።» ምን ብለህ እንደመለስክለት ግን አልጻፍክም። እስቲ ንገረኝ። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ታች ያለውን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነበርክ። አትረፍ፣ ይህ አይታለፍም ብለኸው ከሆነ፣ የተዋረድከው የቱ ጋ ነው? ዝም ብለህም ከሆነ ለእኔ ብቻ ጻፍልኝ፤ ለእሷ አልነግራትም።

ሜዳው ደህና ነው ብለህ ተናግረህ ስለነበር ካፒቴኑ እንደተቆጣህ፣ ከአዲሱም አውሮፕላን አውርደው ወደ አሮጌዎቹ እንደመለሱህ ጽፈሃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስንት ዓመት የለፋህበት ነው፤ አንጀቴን በልቶኛል። እናታችንም ሰምታ አንገቷን ደፍታ ነው የዋለችው። ደብዳቤህን አንድም ቃል ሳላስቀር አንብቤላታለሁ፤ ልጅ አልወለድኩም ትበል ያልከውንም። ምስር ስትለቅም ነበር። እጇን ሳታቆም ሰማችኝና «ሲርበው ነው እንዲህ የሚናገረው፤ ማን ያበስልለት ይሆን?» አለች። ከዚያ ምስሩን ትታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ቶሎም አልተመለሰች።

የሆነውን ልጨርስልህ። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሽማግሌዎች ገቡበት። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ባለመሬቱ የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዞ መጣ፤ አቶ ፍሰሐም ከኋላው። ጥፋቱን አመነ፤ ጊደር ካሰ፤ መሬቱም ለአዴ ሀሊሜ ተመለሰ፤ ከርሞ ትርኢቱ በድሮው ሜዳ፣ በትንንሾቹ አውሮፕላኖች ይሁን ተባለ። ሴቶቹ መርቀው ተነሱ። አዴ ሀሊሜ ግን እናታችን አጠገብ መጥተው ገለባው ላይ ቁጭ አሉ።

«ራቢያ፣ ለእኔ ብለሽ ልጅሽን ከደጅ መለስሽው። ይህን በምን እከፍልሻለሁ?» አሉ።

እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ፤ ሴቶቹም ሁሉ ይሰማሉ።

«አንቺ፣ ዛሬ ያ ነገር እዚህ አርፎ ቢሆን መሬትሽ ሄዶ ይቀር ነበር፤ አይመለስም» አለቻቸው። «ልጄ ግን ይመለሳል።»

ሁሉም «አሚን» አሉ።

ጉቱ፣ አሁን ገበያ ስንወጣ ያን ቀን የነበሩት ሴቶች ሰላም ይሉናል፤ የተማሪዎቼን፣ የከብቱን ደህንነት ይጠይቃሉ፤ ያንተን ግን አይጠይቁም። እንዳያሳፍሯት ተጠንቅቀው እንደሆነ ይገባኛል፤ እሷም ይገባታል። እንዳትለምን ደግሞ ኩራት ያዛት፤ ና በይው አላለችኝም። ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ ነኝ። በአውቶቡስም ይሁን፣ በጭነት መኪናም ይሁን፣ በእግርህም ቢሆን ና። እናታችን ውሸት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ወንድሜ፣ አታስዋሻት።

ታላቅ እህትህ
ዙሀራ